ለሱሉልታ ሰማይ የግላይደር ፓነል፦ መጀመሪያ ምን ይገዛ?

አንድ ወጣት ከሱሉልታ የላከው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ጀርመን አገር ሲማር የግላይደር (ሞተር የሌለው አውሮፕላን) ማብረሪያ ፈቃድ አውጥቷል። አሁን ከጓደኞቹ ጋር አዋጥቶ ያገለገለ፣ አንድ ሰው የሚይዝ ግላይደር ገዝቷል። ከሱሉልታ ወጣ ብሎ ካለ ሜዳ ለመብረር የፈቃዱን ጉዳይ ይዟል። «ጋሼ፣ ፓነሉ ላይ ያሉት የድሮ ሰዓቶች ብቻ ናቸው፤ ባለ መርፌ መለኪያዎቹን ማለቴ ነው። ባለ ትልቅ ስክሪን የበረራ ኮምፒውተር ልግዛ? ቫሪዮሜትርና ናቪጌሽን አንድ ላይ የያዘውን ትንሹን ልውሰድ? ወይስ በስልኬ ልጀምር? የግጭት ማስጠንቀቂያው ፍላርምስ የግድ ነው? ብራችን ለሁሉም አይበቃም» ይላል።

ወንድሜ፣ ቁርጡን ላስቀድምልህ። ትልቁን ስክሪን አሁን አትግዛ። መጀመሪያ ያሉትን ሰዓቶች አስፈትሽ። ቀጥሎ ኦክስጅን ግዛ። ከዚያ ሬዲዮና ትራንስፖንደር (ለራዳር የት እንዳለህ የሚመልስ ዕቃ)፣ ከዚያ ደግሞ አንድ ጥሩ የኤሌክትሪክ ቫሪዮሜትር (የመውጣትና የመውረድ ፍጥነት መለኪያ)። ካርታውን በነፃ ሶፍትዌር ትይዘዋለህ። ይህን ቅደም ተከተል ያወጣሁት አንተ የምትነሳበትን ሜዳ አይቼ ነው። ጀርመን አገር ብዙ ቀን የደመናው እግር ራሱ ሱሉልታ መሬት ካለችበት ከፍታ በታች ነው። የዕቃ ካታሎጎቹም፣ የክለብ ምክሮቹም ለዚያ አገር የተጻፉ ናቸው። እኛ ዘንድ ሲመጡ ግማሹ አይሠራም።

ከአልቲሜትሩ፣ ማለትም ከከፍታ መለኪያው ልጀምር። ክለብህ ሳለህ ከመነሳትህ በፊት ቁልፉን አዙረህ መርፌውን ሜዳው ላይ ዜሮ ታደርግ ነበር። ከዚያ በኋላ የምታነበው ሁሉ ከሜዳህ በላይ ያለህ ቁመት ነበር። ሱሉልታ ላይ ይህ አይቻልም። የአልቲሜትሩ የግፊት መስኮት አብዛኛውን ጊዜ ከ940 ወይም ከ950 ሄክቶፓስካል በታች አይወርድም። ሱሉልታ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ናት፤ የአየሩ ግፊት እዚያ 730 ገደማ ነው። ቁልፉን እስኪበቃህ ብታዞረው ዜሮ አይመጣልህም። ስለዚህ በባሕር ጠለል ግፊት ሞልተህ፣ ሜዳህን 2,700 ብለህ አንብበህ ትነሳለህ። ወደ ማረፊያው ዙር በ200 ሜትር የምትገባ ከሆነ መርፌው 2,900 ይላል ማለት ነው።

ወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። አምስት ሰዓት በርሮ የደከመ ሰው ግን ቁጥር መቀነስ ይከብደዋል። ስለዚህ በነጭ ፕላስተር ሦስት ቁጥር ጻፍና ከአልቲሜትሩ ሥር ለጥፍ፦ ሜዳው፣ ዙር መግቢያው፣ ከሱ ካነስኩ ወዲያው ወደ ሜዳ እመለሳለሁ የምትልበት። ይህ ፕላስተር ከማንኛውም ስክሪን ቀድሞ ፓነልህ ላይ መኖር አለበት።

ሌላው የአልቲሜትሩ ጉዳይ መለኪያው ነው። ከጀርመን የመጣ ግላይደር በሜትር ነው የሚያነበው። የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው ግን የሚያናግርህ በጫማ ነው። «ከ10,000 ጫማ በታች ቆይ» ቢልህ 3,048 ሜትር መሆኑን ጭንቅላትህ ውስጥ ስታሰላ ጊዜ ይሄዳል። ወይ ሁለተኛ አልቲሜትር በጫማ አስገባ፣ ወይ የምትገዛው ኤሌክትሪክ ቫሪዮ ከፍታን በጫማ በቋሚነት የሚያሳይ ይሁን። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ፓነሉ ላይ ቦታ ይተርፍልሃል።

ደግሞም አልቲሜትር የሚለካው ግፊት ነው፤ ቁመቱን ከሱ ነው የሚገምተው። የተሠራበት መደበኛ አየር በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ሙቀቱን ዜሮ ዲግሪ ገደማ አድርጎ ይወስዳል። በበጋ ቀትር ግን 23 ዲግሪ እናገኛለን። የሞቀ አየር ይለጠጣል። ስለዚህ መርፌው ከሜዳህ 1,000 ሜትር ወጥተሃል ሲልህ፣ በእውነት የወጣኸው ወደ 1,080 ነው። ጂፒኤሱ እውነተኛውን ርቀት ይሰጥሃል፤ ሁለቱ ቁጥሮች አይገጥሙም። አትደንግጥ፣ ዕቃው አልተበላሸም። ከተቆጣጣሪና ከአየር ክልል ጋር ላለህ ጉዳይ አልቲሜትሩን እመን። ተራራና ሜዳን በተመለከተ ጂፒኤሱ ይረዳሃል።

የፍጥነት መለኪያው ላይ ደግሞ ረጋ ብለህ አንብበኝ፤ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው። ስስ አየር ውስጥ መርፌው ከእውነተኛው ፍጥነት ያነሰ ያነባል። 3,500 ሜትር ላይ በሞቀ ቀን መርፌው 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲል፣ አየሩን የምትሰነጥቀው ከ120 በላይ ሆነህ ነው። ክንፉ የሚሰማው ግን መርፌው የሚለውን ነው። ስቶል የሚያደርገውም (መሸከም የሚያቅተውም) ጀርመን አገር በለመድከው የመርፌ ቁጥር ላይ ነው። ችግሩ ዓይንህ ነው። ለማረፍ ስትገባ መሬቱ ከለመድከው በላይ ይሮጥብሃል። እጅህ ሳታውቀው አፍንጫውን ወደ ላይ ይስባል። እንዳታደርገው! ሱሉልታ ላይ ለማረፍ ስትገባ መርፌውን እንጂ ሣሩን አትመን። ሜዳውም ረዘም ያለ ይሁን። መሬት ላይ ያለህ ፍጥነት በ20 በመቶ ገደማ ሲጨምር፣ ለመቆም የሚያስፈልግህ ርቀት በ40 በመቶ ገደማ ይጨምራል።

በላይኛው ጫፍ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ክንፍን የሚያርገፈግፈው ንዝረት በዋናነት ከእውነተኛው ፍጥነት ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ ሊታለፍ የማይገባው ቀይ መስመር ከፍታ ሲጨምር በመርፌው ላይ ወደ ታች ይወርዳል። የግላይደርህ መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ለየከፍታው የተሰጠ ሠንጠረዥ አለ። ጀርመን አገር ብዙ ሰው ገልጦ አያየውም፤ እዚያ ከፍታ ላይ የሚደርሰው አልፎ አልፎ ነውና። አንተ ግን ገና ስትነሳ ሠንጠረዡ መሃል ነህ። ቀድተህ ከፍጥነት መለኪያው ጎን ለጥፈው።

ይህ ስስ አየር ሽቅብ ነፋስ (ተርማል) ውስጥ ስትዞርም ይከተልሃል። በመርፌው 90 ኪሎ ሜትር፣ በ40 ዲግሪ ዘንበል ብለህ ስትዞር፣ ባሕር ጠለል ላይ ክብህ ግማሽ ስፋቱ 76 ሜትር ገደማ ነው። 3,500 ሜትር ላይ ወደ 115 ይሆናል። ጠባብ ተርማል ያመልጥሃል። «የኢትዮጵያ ተርማል ይበታተናል» ከማለትህ በፊት ዘንበል ማለትህን ጨምር። ኮምፒውተር ይህን አያደርግልህም።

ኦክስጅንን ሁለተኛ ያደረግሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የአሜሪካ ሕግ አብራሪ ከ12,500 ጫማ በላይ ከ30 ደቂቃ የበለጠ ከቆየ፣ ከ14,000 ጫማ በላይ ደግሞ ሁልጊዜ ኦክስጅን እንዲወስድ ያዛል። 12,500 ጫማ 3,810 ሜትር ነው። ከሱሉልታ ሜዳ 1,100 ሜትር ወጣህ ማለት እዚያ ደረስክ ማለት ነው። በበጋ ጥሩ ቀን ይህ ተራ ከፍታ ነው። «እኛ ደጋ ያደግን ነን፣ አይነካንም» የሚል ወሬ እሰማለሁ። ደጋ ማደግ መልካም ነው፤ ግን 4,300 ሜትር ላይ የሚሠራ አእምሮ አያስገዛም። የኦክስጅን እጥረት ክፋቱ አለመሰማቱ ነው። ሰውየው ደስ ብሎት፣ ራሱን ጎበዝ አድርጎ እያየ ነው ስሌት የሚሳሳተው። የኤሌክትሮኒክ ቁጠባ ያለው፣ ስትተነፍስ ብቻ የሚለቅ መሣሪያ ከትንሽ ጠርሙስ ጋር ግዛ። ጣት ላይ የሚሰካውን የኦክስጅን መለኪያም አክልበት፤ እሱ መድኃኒት ቤት ይገኛል። ጠርሙሱን ለመሙላት ደግሞ ከወዲሁ የሚሞላልህን ቦታ ፈልግ። ባዶ ጠርሙስ ተሸክመህ ብትበር ክብደት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ድሮዎቹ ሰዓቶች እንመለስ። «የድሮ ሰዓቶች ብቻ» ስትል ቅር እንዳለህ ይሰማኛል። እኔ ግን ደስ ብሎኛል። በአየር ግፊት ብቻ የሚሠራ ቫሪዮሜትር፣ የፍጥነት መለኪያና አልቲሜትር ባትሪ አይፈልጉም። መብራቱ ሁሉ ቢጠፋ ወደ ቤትህ የሚያደርሱህ እነሱ ናቸው። አትንቀላቸው። ግን ፈትሻቸው፤ የቆየ ግላይደር የጎማ ቱቦው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል።

አፈታተሹ ቀላል ነው፣ ውድ ዕቃም አይጠይቅም። ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ውሰድና ሳንቃ ላይ በዩ ቅርጽ እሰረው። መሃሉ ላይ ማስመሪያ ለጥፍ፣ ቱቦውን እስከ ግማሹ ውሃ ሙላው። አንዱን ጫፍ በቲ ቅርጽ መገጣጠሚያ ከፍጥነት መለኪያው የፊት ቱቦና መርፌ ከሌለው ትልቅ ሲሪንጅ ጋር አገናኝ። ከዚያ ሲሪንጁን በጣም በቀስታ ግፋ። በሁለቱ ክንዶች መካከል ያለው የውሃ ልዩነት 48 ሚሊ ሜትር ሲሆን መርፌው 100 ማለት አለበት። 108 ሚሊ ሜትር ላይ 150፣ 193 ሚሊ ሜትር ላይ 200። አሁን 150 ላይ ሳለ የሲሪንጁን ቱቦ ቆንጥጠህ ያዝና አንድ ደቂቃ ጠብቅ። ውሃው ዝቅ ካለ የሆነ ቦታ ይተነፍሳል። ከመጋጠሚያ ወደ መጋጠሚያ እየቆነጠጥክ ስትሄድ ቦታውን ታገኘዋለህ። በአፍህ ግን በፍጹም እንዳትነፋ። መለኪያው ውስጥ ያለው ቆርቆሮ እንደ ወረቀት ስስ ነው፣ አንዴ ከታጠፈ አይመለስም። የፈቃድ ምርመራውን የሚፈርመው የታወቀ ባለሙያ መሆኑ እንዳለ ሆኖ፣ ይህን ሙከራ ራስህ ማወቅህ ይጠቅምሃል። ግላይደሩ ሲቆምም ቀዳዳዎቹን ሸፍን። በበጋ ተርብ አንድ ከሰዓት በቂው ነው፤ ጭቃውን ጠቅጥቆልህ ይሄዳል።

ይህን ሁሉ የምልህ ውዱ ኮምፒውተርም የሚተነፍሰው በእነዚሁ ቱቦዎች ስለሆነ ነው። ቱቦው ከተሰነጠቀ ስክሪኑ ላይ የሚያምር ውሸት ታያለህ። በተለይ ቫሪዮሜትሩ። ቫሪዮ ምን እንደሚሠራ ታውቃለህ፤ ስትወጣና ስትወርድ በሰከንድ ስንት ሜትር እንደሆነ ይነግርሃል። ግን ዱላውን ወደ ራስህ ስትስብ ግላይደሩ ፍጥነቱን ከፍሎ ይወጣል። ያልተካካሰ ቫሪዮ ይህንን «ተርማል አገኘህ» ብሎ ይጮኽልሃል። ጭራው ላይ ያለችው የቶታል ኢነርጂ ቱቦ ያንን የውሸት መውጣት ታጣፋለች። ስትገዛ «በቱቦ ወይስ በኤሌክትሮኒክ ይካካሳል?» ብለህ ጠይቅ። ብዙዎቹ ሁለቱንም ይችላሉ። የግላይደርህ ቱቦ ቀጥ ያለና ያልተጎዳ ከሆነ በሱ ጀምር። ለመፈተሽ የረጋ አየር ባለበት ማለዳ ውጣ። ከ140 ወደ 90 ቀስ ብለህ አምጣውና መርፌውን ተመልከት። የግላይደሩን ተራ መውረድ ብቻ ካሳየህ ጥሩ ነው። ወደ ላይ ከዘለለ ገና ሥራ አለህ።

ከኤሌክትሪኮቹ ውስጥ ለአንተ የምመርጠው ትንሹን፣ ቫሪዮና ናቪጌሽን አንድ ላይ የያዘውን ነው። የኤልኤክስናቭ ኩባንያ ኤስ10 ወይም ኤስ100 ዓይነት ማለቴ ነው። ድምፁ ጥሩ ነው፤ ዓይንህን ውጭ ላይ አድርገህ በጆሮህ ትዞራለህ። እውነተኛውን ፍጥነት ራሱ ያሰላል። እስከ ሜዳህ ለመንሸራተት ስንት ሜትር እንደሚተርፍህ በአንድ ቁጥር ይነግርሃል። ያገለገለ ካገኘህም አትሽሽ። ትልቁን ስክሪን ባለመግዛትህ የምታጣው የካርታውን ስፋት ነው፤ እሱን በርካሽ እንተካዋለን።

ምን ያህል ፍጥነት ልብረር የሚለውን ስሌት የዘመኑ ኮምፒውተሮች ሁሉ የወሰዱት ከማክሪዲ ነው። ፖል ማክሪዲ እ.ኤ.አ. በ1956 የዓለም የግላይደር ሻምፒዮን የሆነ አሜሪካዊ ነው። ቫሪዮው ዙሪያ የምትዞር ቀለበት ላይ ቁጥሮች ጽፎ ነበር የሚበረው። ያንተ የድሮ ቫሪዮ ላይ ያ ቀለበት ካለ እንዳትነቅለው። የመጀመሪያውን ወቅት በሱ ብትበር ኮምፒውተሩ የሚሰጥህ ቁጥር ከየት እንደመጣ ይገባሃል።

ወደ ካርታው። ኤክስሲሶር የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ። አንድሮይድ ስልክ ላይ ይሠራል። የተራራ ቅርጽ፣ የአየር ክልል፣ እስከ የት መንሸራተት እንደምትችል፣ ሁሉንም ያሳያል። ከቫሪዮው ጋር አያይዘኸው መረጃ ይቀባበላሉ። ስልኩ ግን ሁለት ጠላት አለው። አንዱ ፀሐይ ነው፤ እኛ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ላይ ነን፣ ከመስታወቱ ሥር ፀሐይዋ ከአናትህ ላይ ናት። ስክሪኑ አይታይም፣ ስልኩም ሲግል ራሱን ያጠፋል። ሁለተኛው ጠላት ባትሪው ነው። ለዚህ የማውቀው ምርጥ መላ ቆቦ የተባለው የመጽሐፍ ማንበቢያ ነው። ኤክስሲሶር እሱ ላይም ይጫናል። ስክሪኑ ጥቁርና ነጭ፣ እንደ ጋዜጣ ፀሐይ ሲበረታ የሚያምር፣ መብራትም የማይበላ ነው። የራሱ ጂፒኤስ ስለሌለው ከቫሪዮው በገመድ ትሰጠዋለህ። ትንሽ የብየዳ ሥራ አለው፤ መርካቶ ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግኑ ልጆች በግማሽ ቀን ይጨርሱታል።

ግን ልብ በል፤ ሶፍትዌሩ ባዶ ቤት ነው። ጀርመን አገር የሜዳውም የአየር ክልሉም ፋይል ተዘጋጅቶ ጠብቆሃል። እዚህ የምትሞላው አንተ ነህ። የተራራው ቅርጽ ችግር የለውም። እ.ኤ.አ. በ2000 ከጠፈር መንኮራኩር ላይ በራዳር ተለክቶ ለሁሉም በነፃ የተለቀቀ ነው። የአየር ክልሉን ግን ከኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ይፋዊ ሰነድ ላይ ቁጥር በቁጥር ራስህ ጻፈው፤ ከዚያ ሌላ ሰው ያርምልህ። ከኢንተርኔት ያገኘኸውን ፋይል እንደወረደ አትመን። እንጦጦን ከዞርክ በኋላ ያለው የቦሌ ሰማይ ነው፣ ዝቅ ሲል ቢሾፍቱ የአየር ኃይል ሠፈር አለ። እዚያ ስህተት አያዋጣም።

የማረፊያ ሜዳዎችን ፋይል ደግሞ በእግርህ ሥራው። ከኮምፒውተሩ ዋጋ ይልቅ ይህ ሥራ ነው ሕይወትህን የሚያተርፈው። ሱሉልታ ሜዳዋ ሰፊ ነው፤ ግን ክረምቱን ውሃ ይተኛበታል፣ መረሬው እስኪደርቅ ጎማህን ይውጠዋል። ድርቆሹ ታጭዶ ሲነሳ ያምራል። ሳይነሳ ተከምሮ ሳለ ደግሞ ክምሩ ራሱ እንቅፋት ነው። እህል የቆመበት ማሳ ላይ ብታርፍ የገበሬውን የዓመት እንጀራ ነው የደመሰስከው፤ ካሳ የመክፈል ግዴታህን አትርሳ። ለየሜዳው ርዝመቱን፣ አቅጣጫውን፣ ከፍታውን ጻፍ። የኤሌክትሪክ ሽቦው በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ ባሕር ዛፉና ቦዩ የት እንደሆነ መዝግብ። ባለቤቱን አነጋግር፣ ስልክ ቁጥሩን ያዝ፣ «አንድ ቀን ነጭ ግላይደር ቢያርፍብዎት እኔ ነኝ» በለው። ከፍታውን ሳትሞላ የቀረህ ሜዳ ካለ ኮምፒውተሩ ዜሮ ሜትር ላይ ነው ብሎ ሊያስብና በ2,700 ሜትር ትርፍ ሊያታልልህ ይችላል። ይህን አንድ ቁጥር ሁለቴ አይተህ አረጋግጥ።

ወደ ሰሜን ስትሄድ ደግሞ ሌላ ማታለያ አለ። ከጫንጮ ወዲያ ደጋው ድንገት ይቆረጣል፤ በምዕራብ የሙገር ሸለቆ፣ በሰሜን ምሥራቅ የደብረ ሊባኖስና የጀማ ገደል። ገደሉን ስታቋርጥ ስክሪኑ ላይ «ከመሬት በላይ ያለህ ቁመት» የሚለው ቁጥር በአንዴ ብዙ መቶ ሜትር ይዘላል። ኮምፒውተሩ እጅግ ምቹ ቦታ ላይ ነህ ይልሃል። የመድረሻ ክልሉንም እስከ ሸለቆው ወለል አስፍቶ ይቀባልሃል። እዚያ ወለል ላይ ግን ድንጋይና ወንዝ ነው ያለው፣ ማረፊያ የለም። ስለዚህ ከመሬት በላይ የሚለውን ቁጥር ከገጹ ላይ አንሳው። በሱ ፋንታ ደጋው ላይ ካለው ቅርብ ሜዳህ አንጻር የሚተርፍህን ቁመት አስቀምጥ። ገደሉ ላይ ስትሆን የሚያሳስብህ የሸለቆው ጥልቀት ሳይሆን ጫፉ ላይ ተመልሶ መድረስህ ነው።

ፍላርምን በተመለከተ፦ አሁን አያስፈልግህም። ስዊዘርላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ፣ ግላይደር ከግላይደር እንዳይጋጭ የሚያስጠነቅቅ ድንቅ ዕቃ ነው። ግን የሚሠራው ሌላውም ሲኖረው ነው። አንተ ብቻህን ስትበር ማንን ያናግራል? በቦሌ ዙሪያ የምትፈራው ትልልቁን አውሮፕላን ነው፤ እሱ የሚያይህ ደግሞ በትራንስፖንደር ነው። ሞድ ኤስ የሚባለውን ዓይነት ግዛ። አነስተኛዎቹ ሞዴሎች ለ15,000 ጫማና ከዚያ በታች ብቻ የተፈቀዱ ናቸው፤ ይህ 4,570 ሜትር ገደማ ነው። ጀርመናዊ ሻጭ «ለግላይደር ይበቃሃል» ቢልህ ላንተ ጠባብ መሆኑን አስታውስ። አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ውሰድ። ሁለተኛ ግላይደር አብሯችሁ መብረር የጀመረ ቀን ስለ ፍላርም እንደገና እንነጋገራለን።

ሬዲዮ፣ ትራንስፖንደር ወይም የሳተላይት መልእክት መላኪያ፣ የሚያሠራጭ ዕቃ ሁሉ ከማዘዝህ በፊት ለሲቪል አቪዬሽንና ለኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ጥያቄህን በጽሑፍ አቅርብ። ወረቀቱ ከዕቃው ቀድሞ እጅህ ይግባ። ጉምሩክ መጋዘን ውስጥ የሚቀመጥ ሬዲዮ ለማንም አይጠቅምም።

ኮምፓስህን ስታይ ደግሞ አትገረም። ማግኔታዊው የምድር ወገብ በአገራችን በኩል ነው የሚያልፈው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለው የጂኦፊዚክስ ታዛቢ ጣቢያም እ.ኤ.አ. በ1957 እና በ1958 የዓለም አቀፉ ጂኦፊዚክስ ዓመት ሲከበር የተተከለው ለዚሁ ነገር ቅርብ በመሆናችን ነው። አውሮፓ ውስጥ የማግኔት መርፌ አፍንጫው ወደ መሬት ስለሚደፋ፣ የተሠራልህ ኮምፓስ በተቃራኒው በኩል ክብደት ተጨምሮበታል። እዚህ መርፌው ከሞላ ጎደል ጠፍጣፋ ስለሚተኛ ያ ክብደት ካርዱን ወደ አንድ ጎን ያዘነብለዋል። በትምህርት ቤት የተማርከው ስትዞር የሚመጣው የኮምፓስ ስህተትም እኛ ዘንድ የለም ማለት ይቻላል። ደስ የሚል ነገር ነው፤ ግን ለናቪጌሽን ብዙ አትጨነቅበት።

ባትሪ። ቫሪዮው፣ ሬዲዮው፣ ትራንስፖንደሩና ቆቦው ተደምረው አንድ አምፔር ገደማ ይወስዳሉ። ትልቁን ስክሪን ብትገዛ በሙሉ ብርሃኑ ብቻውን ወደዚያ ሊጠጋ ይችላል። ለአምስት ሰዓት በረራ 9 አምፔር ሰዓት ያለው የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ይበቃሃል። ይህ ባትሪ እስከ መጨረሻው ቮልቴጁን አይለቅም፤ ከዚያ በድንገት ይወድቃል። ስለዚህ ቮልቴጅ አይተህ «ገና ነው» አትበል፣ ሰዓት ቁጠር። ቻርጀሩም የራሱ ይሁን። ማታ መብራት ሊጠፋ ይችላልና ከዋዜማው ቀን በፊት ሙላው። ከውጭ በሻንጣ የምታመጣው ከሆነ 100 ዋት ሰዓት ድረስ ያለ ችግር በእጅ ሻንጣ ይገባል። 9 አምፔሩ 115 ስለሚሆን የአየር መንገዱን ፈቃድ አስቀድመህ መጠየቅ አለብህ። 7 አምፔሩ 90 ነው። ሁለት ባለ 7 ይዘህ ብትመጣ ከፈቃዱም ትድናለህ፣ አንዱ ቢሞት ሌላው አለህ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ከማዘዝህ በፊት ፓነሉን ነቅለህ ቀዳዳዎቹን ለካ። መደበኛዎቹ 57 እና 80 ሚሊ ሜትር ናቸው። ኤስ10 ለ57ቱ፣ ኤስ100 ለ80ው ነው። ከኋላ ያለውን ጥልቀትም ለካ፤ የቱቦና የገመዱ መታጠፊያ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይበላል። የድሮ ግላይደር ላይ ብዙ ጊዜ እግርህ እዚያው ሥር ነው። ፓነሉን ከፊትም ከኋላም ፎቶ አንሳና ከልኬቱ ጋር ላክልኝ፤ የቱን ሰዓት የት እንደምናዛውር አብረን እናየዋለን።